የእንግሊዝ ባንክ የዋጋ ግሽበት ትንበያ፦ አሠራሩና ትክክለኛነቱ

የብሪታንያ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የእንግሊዝ ባንክ በዓመት 4 ጊዜ የኢኮኖሚ ትንበያ ያወጣል። ወለድን የሚወስነው ባለ 9 አባላት የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ ግሽበትን በ2 በመቶ የማቆየት ኃላፊነት አለበት፤ የወለድ ለውጥ በዋጋ ላይ ሙሉ ውጤቱን የሚያሳየው ግን ከዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ ኮሚቴው ወደፊት ይሆናል ብሎ በሚገምተው ላይ ተመሥርቶ ይወስናል።

የትንበያው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ላይ የዋለው ኮምፓስ የተሰኘ ሞዴል ነው። ባለሙያዎች ከሌሎች ሞዴሎች የሚያገኙትን ይጨምሩበታል፤ የመጨረሻውን ቁጥር የሚያጸድቁት ግን ተወያይተው የሚያርሙት የኮሚቴው አባላት ናቸው። ወለድ የገንዘብ ገበያው በሚጠብቀው መንገድ እንደሚሄድ ታስቦ ይሰላል፤ የነዳጅና የጋዝ ዋጋም ከወደፊት ግብይት ውሎች፣ ማለትም ወደፊት ለሚደረግ ርክክብ ዋጋ አስቀድሞ ከሚቆረጥባቸው ውሎች፣ ይወሰዳል። ይህን ሳያዩ ትንበያውን በአንድ ቁጥር ብቻ መመዘን ፍትሐዊ አይደለም።

ባንኩ ራሱም ከ1996 ጀምሮ ትንበያውን ወደፊት በሄደ ቁጥር እንደ ማራገቢያ እየሰፋ በሚሄድ ሥዕል ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ግሽበት ከ100 ጊዜ 90ው በተቀባው ክልል ውስጥ ይውላል ተብሎ ይገመታል። አንባቢና ጋዜጠኛ ግን የሚይዘው መካከለኛውን መስመር ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከወረርሽኙ በኋላ ነው። በነሐሴ 2021 የወጣው ትንበያ ግሽበት 4 በመቶ ገደማ ደርሶ ይመለሳል ይል ነበር። በየካቲት 2022 መጀመሪያ ጣሪያው ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደረገ፤ በዚያው ወር ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፣ የጋዝ ዋጋም አሻቀበ። በነሐሴ ደግሞ ባንኩ ከ13 በመቶ በላይ ጠበቀ፤ ሆኖም መንግሥት የቤተሰቦችን የኃይል ወጪ በመደጎሙ ግሽበቱ በጥቅምት 11.1 በመቶ ላይ ቆመ። ጦርነቱን አስቀድሞ አለማወቅ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ይበልጥ የሚያሳስበው የደመወዝና የአገልግሎት ዋጋ ጭማሪ ሥር መስደዱ ዘግይቶ መታየቱ ነው።

የቀድሞው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር ቤን በርናንኬ በባንኩ ጥያቄ አሠራሩን መርምረው በሚያዝያ 2024 12 ምክረ ሐሳቦች አቀረቡ። ስሕተቱ ከሌሎች ማዕከላዊ ባንኮች የተለየ አለመሆኑን ቢመሰክሩም፣ ሶፍትዌሩ ጊዜ ያለፈበት መሆኑን ነቅሰው፣ የማራገቢያው ሥዕል ቀርቶ አማራጭ ሁኔታዎች እንዲቀርቡ መከሩ። በኅዳር 2024 ሪፖርቱም ኮሚቴው 3 መንገዶችን ለየ፦ ግሽበቱ በራሱ የሚረግብበት፣ ኢኮኖሚው ለጊዜው መቀዛቀዝ የሚኖርበት፣ እንዲሁም የደመወዝና የዋጋ አወጣጥ ልማድ በዘላቂነት የተለወጠበት።