አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው፦ ከእረኛው በሶ እስከ ዩሲኤልኤ ቅርጫት ኳስ

የስፖርት ተንታኞች ይህችን ምሳሌ አብዝተው ወደዋታል። ኳስ ከአንዱ እጅ ወጥቶ ሌላው እጅ በገባ ቁጥር «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው!» ነው። ኳሱ እግር ነክቶ ቢሾልክም፣ ክንድ ተመትቶ ዳኛው ባያይም ያው ናት። ከሜዳ ውጭ ደግሞ ገንዘቡን የተበላ ሰው መውቀሻ፣ የበላው መሞገሻ ሆናለች። ሁሉም «ቀማው» ላይ ይጮሃል፤ ከፊቷ ያለችውን «አያያዙን አይቶ» የሚሰማት የለም።

ጭብጦን ከስሙ በቀር የሚያውቀው ሰው እየቀነሰ ስለመጣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ጭብጦ በጡጫ የተጨበጠ በሶ ነው። ለበሶው የሚሆነው ገብስ መጀመሪያ ይታመሳል፤ ከዚያ ገለባው እንዲለቅ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ተነፍሶ እንደገና ይቆላል፤ በመጨረሻ ይፈጫል። ካረረ ዱቄቱ ይመራል፤ ሳይበስል ከወረደ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ዱቄቱ ላይ ጨውና በርበሬ ይነሰነሳል፤ ቤት ያፈራው ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት ካለም ጠብ ይደረግበታል። ትልቁ ጥበብ ውሃው ላይ ነው። ሁለት እፍኝ ዱቄት ከሁለት የቡና ሲኒ የበለጠ ውሃ አይፈልግም፤ እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይደፋም። በሶ ውሃውን ቀስ እያለ ስለሚጠጣ እጅ ላይ ልክ የመሰለው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደርቃል። የደረቀ ጭብጦ ይፈረፈራል፤ ውሃ የበዛበት ደግሞ ከመዳፍ አልላቀቅ ይላል። ስለዚህ ገና ረጠብ እያለ በጡጫ ተጨብጦ፣ የአራት ጣት ምልክት እንደያዘ ለእረኛው ይሰጠዋል።

እንግዲህ አያያዝ የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል። ጭብጦን ጠበቅ አድርገው ከያዙት በጣቶች መካከል ይፈርሳል። ላላ ካደረጉት ይወድቃል፣ የወደቀውን ውሻ ይቀድማል። እረኛው በአንድ እጁ ዱላ ይዟል፤ ዓይኑ ከብቱ ላይ ነው። ጭብጦው በጣቱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ከደረቱ ርቆ ሲታይ፣ ያን ጊዜ አጠገቡ ላለው ጓደኛ ሥራው አልቋል፤ እጁን መዘርጋት ብቻ ነው የቀረው።

አንዳንዶች ምሳሌዋን ወደ ቆሎ ተማሪ ይወስዷታል። አይመስልም። የቆሎ ተማሪ በሶውን አኩፋዳው ውስጥ ከትቶ ነው የሚሄደው፤ በአኩፋዳ ያለ ነገር አያያዙ ከየት ይታያል? የዚህ ጽሑፍ ግምት ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ቀሚ ሰው አልነበረም፣ ጭልፊት ነበር። ጭልፊት ምግብ አየሁ ብሎ ወዲያው አይወርድም። ይዞራል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ የያዘውን ልጅ ትቶ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ የሚያወራውን ይመርጣል፣ ያውም ከኋላው ይመጣል። ምሳሌዋ ቀሚውን በስም አለመጥራቷ ለዚህ ግምት ትንሽ ድጋፍ ይሆነዋል። «አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው» እያለ ሰውን የሚመክረው አነጋገር ከጊዜ በኋላ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ምሳሌዋን ሜዳ ላይ በሙሉ ትርጉሟ ማየት የሚሻ ወደ ሎስ አንጀለስ ይሂድ፣ ወደ ዩሲኤልኤ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ጆን ዉደን በ1948 አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ቡድኑ የሚለማመደው የትግል ስፖርተኞችና ጂምናስቲከኞች በሚጋሩት አሮጌ አዳራሽ ነበር። ከልምምድ በፊት ወለሉን ራሱ ዉደን ይወለውል ነበር። የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ዋንጫ እስኪያነሳ 16 የውድድር ዘመን ፈጅቶበታል። በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርት የካልሲ አጠላለቅ ነበር፦ ተረከዙ ላይና ትንሿ ጣት አካባቢ አንድም እጥፋት እንዳይቀር በእጅ ይለሰለሳል። እጥፋት ውሃ ያስቋጥራል፣ ውሃ የቋጠረ እግር ልምምድ ያስቀራል። ለአያያዝ የነበረው ዓይን ከካልሲ ይጀምራል ማለት ነው።

የ1964ቱ ቡድን ከቋሚዎቹ አንድም ከ1.96 ሜትር የሚበልጥ አልነበረውም። ረዳቱ ጄሪ ኖርማን በሜዳው ሙሉ ርዝመት የሚዘረጋ ዞን ፕሬስ (እያንዳንዱ የራሱን ክልል ይዞ ኳስ የያዘውን የሚያስጨንቅበት መከላከል) እንዲሞክሩ ወተወተ፤ ዉደንም እሺ አለ። አቀማመጡ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ነው። ከፊት ጌይል ጉድሪችና ፍሬድ ስሎተር፣ ከመሃል ዋልት ሃዛርድና ጃክ ሂርሽ፣ ከኋላ ብቻውን ኪት ኤሪክሰን። (ኤሪክሰን በዚያው ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ መረብ ኳስ ተጫውቷል፤ ዘሎ ኳስ የሚያገኝበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ነው።)

ተመልካች ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዩሲኤልኤ ቅርጫት ካስቆጠረ በኋላ ተጋጣሚው ኳሱን ከመስመር ውጭ ሲያስገባ አይከለክሉትም። ያስገባ ይሉታል፣ ያውም ወደ ማዕዘኑ። ከፊት ያለው የተቀበለውን ሰው በመሃል እንዳያልፍ በሰውነቱ ዘግቶ ወደ ጎን መስመር ይነዳዋል። ከመሃል ያለው ሰው የሚጠብቀው ምልክት አለ፦ አንጣሪው ዓይኑን ወደ ኳሱ ሲጥል፣ ጀርባውን ሲሰጥ፣ ወይም ማንጠሩን አቁሞ ኳሱን በሁለት እጁ ሲያነሳ። ያን ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱ ጉልበታቸውን አገናኝተው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ይቆማሉ። ኳሱን አይነኩም። እጁን የሰደደ ፋውል ይሠራል፤ ፋውል ደግሞ ሰዓቱን አቁሞ የተጨነቀውን ያሳርፈዋል። በተሰቀሉት እጆች ላይ የሚያልፈው ኳስ ከፍ ብሎ፣ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ኳሱን የሚወስደው እንግዲህ ከኋላ ሆኖ የወርዋሪውን ትከሻ ሲያነብ የቆየው ኤሪክሰን ነው። ካልወረወረም መሃል መስመሩን በ10 ሰከንድ ካላለፈ ኳሱ ይወሰድበታል።

ይህ ዘዴ የሚፈርስባቸው መንገዶች አሉት። ቅርጫት ያላስቆጠረ ቡድን ተሰልፎ ለመቆም ጊዜ ስለማያገኝ ኳስ መሳት ፕሬሱንም ይገድለዋል። ተጋጣሚው ሳያነጥር በፍጥነት ለመሃለኛው ሰው ካቀበለም ሁለቱ የፊት ተከላካዮች ከጨዋታው ውጭ ይሆናሉ፣ ከኋላ ያለውም ብቻውን ይቀራል። ዉደን በዚህ አይደነግጥም ነበር። ከንጥቂያው ይልቅ የሚፈልገው ጥድፊያውን ነበር፤ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያልተነጠቀ ሰው ቆይቶ አያያዙ እንደሚበላሽ ያውቃል።

በ1964 ካንሳስ ሲቲ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ረጃጅሞቹን ይዞ 30 ለ27 ይመራ ነበር። ዩሲኤልኤ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ያለ ምላሽ 16 ነጥብ አስቆጠረ። ውጤቱ 98 ለ83፣ የዓመቱ ድምር 30 ድል፣ ዜሮ ሽንፈት። ያን 16 ነጥብ የሚያነሱ ሁሉ እጅ ፈጣን ነበር ይላሉ። ዱክ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች ነው የተሸነፈው፦ የሚያነጥሩት ዝቅ ብለው ማየት ጀምረው ነበር።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ለቅርጫት ኳስ ወዳጅ አዲስ አይደለም። እስከ 1975 በ12 ዓመት 10 ዋንጫ፣ ከ1967 እስከ 1973 ያለ ማቋረጥ ሰባት፤ ኋላ ካሪም አብዱል-ጀባር የተባለው ሉ አልሲንዶር፣ ከእሱም በኋላ ቢል ዋልተን፤ በተከታታይ 88 ድል። ከዉደን ወዲህ የመጣው ዋንጫ ግን አንድ ነው፣ የ1995ቱ።

የ88ቱ መጨረሻ ለምሳሌያችን ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጥር 19 ቀን 1974፣ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲቀር ዩሲኤልኤ 70 ለ59 ይመራል። የኖትር ዳሙ አሰልጣኝ የዲገር ፌልፕስ ልጆች በሙሉ ሜዳ መጫን ጀመሩ። ጆን ሹሜት አስቆጠረና ወዲያው ከመስመር ውጭ የተወረወረውን ኳስ ነጥቆ ደገመ። አድሪያን ዳንትሊም ነጠቀ። ዉደን ታይም አውት መጥራት የማይወድ ሰው ነበርና አልጠራም። 29 ሰከንድ ሲቀር ድዋይት ክሌይ ከቀኝ ማዕዘን አስቆጠረ፤ 12 ነጥብ በተከታታይ፣ 71 ለ70። ሌላውን አሥር ዓመት በዚሁ ዘዴ ሲያስጨንቅ የኖረ ቡድን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኳሱን ላላ አድርጎ ያዘ፤ ፌልፕስም አየ።

ስለዚህ ተንታኝ ወንድሞች፣ ረጅም ክንድ ያለው ተጫዋች በአጋጣሚ ኳስ ሲነካ «እጁ ደረሰለት» ማለት ይበቃል። ምሳሌዋን ማምጣት የግድ ከሆነ ምስሉን ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ መልሱልንና አንጣሪውን ወደ ጎን መስመር የነዳው ማን እንደሆነ ንገሩን፤ እሱ ብዙ ጊዜ ኳሱን በእጁ የያዘው ተጫዋች አይደለም።