«ፈተናውን ካለፈማ ችሏል» እና ሌሎች የወላጅ ስህተቶች

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን ልጃቸው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ «እፎይ፣ ተገላገልን» ይላሉ። ሐሳቡ መጀመር የነበረበት ገና ያን ቀን ነው። በ2018 ይፋ የሆነ፣ በቨርጂኒያ ወጣቶች መኪና ላይ ካሜራ ገጥሞ የተከታተለ ጥናት፣ ፈቃድ ባወጡ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የመጋጨት ወይም ለጥቂት የመትረፍ ዕድላቸው ከልምምዱ የመጨረሻ 3 ወራት በ8 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በልምምድ ጊዜ አደጋውን ቀድሞ የሚያየው «ቀስ በል፣ ያቺ ልትገባብህ ነው» የሚለው ወላጅ ነው፤ ልጁ መሪ ከመያዝ አላለፈም። ሜሪላንድ 60 ሰዓት ልምምድ ትጠይቃለች፣ 10ሩ በማታ። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ሰዓቱ የሚሞላው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው በዚያው መንገድ ነው። ሰዓቱን ሳይቆጥር ገምቶ የሚፈርመውን ወላጅማ ተዉት። በዝናብ፣ በማታ፣ በሃይዌይ አስነዱት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እናንተ ዝም በሉ፤ እሱ የሚያየውን ጮክ ብሎ ይናገር። ቀስት በሌለው አረንጓዴ መብራት ወደ ግራ ሲታጠፍ ጀማሪ የሚሳሳተው ከፊት የሚመጣውን መኪና ፍጥነት ሲገምት ነው፤ ከተጠራጠረ ይጠብቅ፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ይንፋ።

የቀኝ ጎማ ከአስፋልት ጠርዝ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግም ጠይቁት። ብዙዎቹ ደንግጠው መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛሉ፤ ጎማው ጠርዙን ሲይዝ መኪናው ተወርውሮ ከፊት የሚመጣው መስመር ውስጥ ይገባል። ትክክለኛው፦ እግርን ከነዳጅ ማንሳት፣ ፍሬን በድንገት አለመርገጥ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ በደንብ ሲወርድ መንገዱን አይቶ ቀስ ብሎ መመለስ።

«ብቻውን ከሚሆን ጓደኛ ይኑረው።» አይኑረው። የ16 ወይም የ17 ዓመት አሽከርካሪ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ሰው ሲጭን የመሞት አደጋው ብቻውን ከሚነዳበት በ44 በመቶ ይጨምራል፤ ሁለት ሲጭን እጥፍ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን አራት እጥፍ። ሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ አዲስ አሽከርካሪ በመጀመሪያዎቹ 151 ቀናት እኩዮቹን መጫን ትከለክላለች፤ እህት ወንድም ግን ይፈቀዳል። ሕግ ፈቀደ ማለት አደጋው ቀረ ማለት አይደለም፤ ታናናሾቹን ትምህርት ቤት ማድረሱ ለጥቂት ወራት ይቆየው።

«ስልኩን ለአፍታ ቢያይ ምን አለበት?» በ55 ማይል ፍጥነት 5 ሴኮንድ ማለት ከ120 ሜትር በላይ በጭፍን መንዳት ነው።

«ለጀማሪ አሮጌ መኪና ይበቃዋል።» በአሜሪካ መኪና እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ኢኤስሲ በሁሉም የቤት መኪና ላይ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ በጣም ትንሿንም መኪና ተዉት።