«ሄይል ሜሪ ወረወረ» ምን ማለት ነው?

አሜሪካ የከረመ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። ምርጫው ከእጁ እያመለጠ ያለ ፖለቲከኛ በመጨረሻው ሳምንት ያልታሰበ ነገር ሲሞክር «ሄይል ሜሪ ወረወረ» ይሉታል። ሊዘጋ የደረሰ ድርጅት የቀረችውን ገንዘብ በአንድ ሥራ ላይ ሲያፈስም ያው ነው። ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ የመሳካት ዕድሉ ጠባብ መሆኑ እየታወቀ የሚደረግ የመጨረሻ ሙከራ ማለት ነው።

ሄይል ሜሪ የጸሎት ስም ነው። ካቶሊኮች «ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ» የሚሉት፤ የእኛው «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» የቅርብ ዘመዱ ነው። ጸሎት ታዲያ ኳስ ሜዳ ምን ወሰደው?

ጣጣው የሮጀር ስታውባክ ነው። ስታውባክ ዳላስ ካውቦይስ የሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል (ኳስ በእጅ የሚያዝበትና የሚወረወርበት ጨዋታ) ቡድን ኳርተርባክ ነበር፤ ኳሱን ለጓደኞቹ የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው ሰው። ከባህር ኃይል አካዳሚ ወጥቶ ቬትናም ዘምቷል። ስለዚህ ዳላስን የተቀላቀለው ዘግይቶ፣ በ27 ዓመቱ ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1975 ሚኒሶታ ላይ ባለሜዳው ቫይኪንግስ ዳላስን 14 ለ 10 እየመራ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቀረ። ስታውባክ 50 ያርድ፣ ማለትም 46 ሜትር ያህል ወረወረ። ኳሷ አጠረች። የቡድን ጓደኛው ድሩ ፒርሰን ወደ ኋላ ዞሮ ሲጠብቃት ተከላካዩ ወደቀ፤ ፒርሰን ኳሷን ከወገቡ ጋር አጣብቆ ጎል ክልል ገባ። ዳላስ 17 ለ 14 አሸነፈ! የሚኒሶታ ደጋፊዎች «ፒርሰን ተከላካዩን ገፍቶት ነው» ማለቱን እስካሁን አልተዉም።

ካቶሊኩ ስታውባክ ከጨዋታው በኋላ ሲጠየቅ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሄይል ሜሪ ደገምኩ አለ። ቃሉ ከዚያ በፊትም በካቶሊክ ኮሌጆች ቡድኖች ዘንድ ይባል ነበር፤ በአገር የናኘው ግን ያን ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 18 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ የቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ መሆኑ ሁሌ ያስገርመኛል። የሰላምታው ባለቤት እኮ ገብርኤል ነው።

ዛሬ ሰዉ ደፈር ያለ ሙከራን ሁሉ ሄይል ሜሪ ይላል። እኔ አልስማማም። ሌላ አማራጭ ካለህ ሄይል ሜሪ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ «ማርያም! ማርያም!» የሚባለው ቀልድ ሆኖ አይደለም፤ ስሟ የሚጠራው ሲጨንቅ ነው።

ስታውባክ ሁለት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ አሸንፎ በ1980 ጫማውን ሰቀለ። በዚያ የጸሎት ዓመት ግን ዋንጫው አልተገኘም። ፍጻሜው ላይ የፒትስበርግ ቡድን 21 ለ 17 ሲመራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ስታውባክ እንደገና ወደ ጎሉ ወረወረ። ኳሷን የያዛት የፒትስበርግ ተከላካይ ነበር።