እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው መቼ ነው?

ሰሞኑን ስለ ሕዋ የሚተርክ አንድ የአማርኛ ዝግጅት ሳዳምጥ፣ ተናጋሪው ኤም87 የተባለውን እንቁላል መሰል ጋላክሲ (ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ) አስተዋውቆ፣ በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ጎረቤቶቹን እየዋጠ እንደገዘፈ ካስረዳ በኋላ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ንግግሩን አሳረገ። በቅርጹ መመሳሰል ተስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ተረቱ ግን ያለ ቦታው ገብቷል፤ ነገሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው።

አያቴ ዶሮ ስታስታቅፍ እያንዳንዱን እንቁላል ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ትነቀንቀው ነበር። ውስጡ የሚንቦጫቦጨውን ለይታ ታስቀርና የቀረውን ጭድ በተነጠፈበት አሮጌ ቅርጫት ደርድራ፣ ከጓዳው በር ጀርባ ጨለም ባለው ጥግ ታኖረዋለች። ዶሮዋ ለጥሬና ለውኃ ብቻ ብድግ እያለች 21 ቀን ያህል ትታቀፋለች። ላየ ሰው ሥራ የፈታች ትመስላለች እንጂ፣ በመንቁሯ እየገፋች እንቁላሎቹን ታገላብጣለች፤ ወደ ዳር የሸሹትንም መልሳ ወደ ሆዷ ትስባለች። እኔ በየማለዳው «ደረሰ ወይ?» እያልሁ አያቴን አሰለቻት ነበር። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና፣ ሊፈለፈል ጥቂት የቀረውን አንዱን ላግዘው ብዬ ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥሁት። ጫጩቱ ደም ነካክቶት ወጣ፤ ሳይመሽም ሞተ። አያቴ አልተቆጣችኝም፤ ቅርፊቱን ከእጄ ተቀብላ «ቀስ በቀስ» ብቻ አለችኝ።

የተረቱ መነሻም እንዲህ ያለ ቸኩሎ ጠያቂ ልጅና እንዲህ ያለች አያት ናቸው ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዬ «በእግሩ» የምትለዋ ቃል ናት። የርግብ ጫጩት ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ላባ ሳያወጣ ተፈልፍሎ ከጎጆው ሳይወጣ ሳምንታት ይቆያል፤ የዶሮ ጫጩት ግን ላባው እንደ ደረቀ ተነሥቶ እናቱን ይከተላል። ስለዚህ ተረቱን ያወጣው ሰው ትናንት እንቁላል የነበረውን ዛሬ በግቢው ሲንጎራደድ ያየ ባለ ዶሮ መሆን አለበት። ይህ መላ ምቴ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀጭን ቢመስለው አልፈርድበትም፤ እኔ ግን አልለቀውም።

ወደ ኤም87 ስንመለስ፣ ይህ ጋላክሲ ፈረንሳዊው የከዋክብት ተመራማሪ ቻርልስ ሜሲዬ እ.ኤ.አ. በ1781 የመዘገበው፣ ሰንቡላ በተባለው የኮከብ ምድብ አቅጣጫ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ያህል ርቆ የሚገኝ ነው። እንደ እኛው ጋላክሲ እንደ ፍኖተ ሐሊብ የተጠማዘዙ ክንዶች የሉትም፤ ከዋክብቱም በአንድ ሜዳ ላይ ከመዞር ይልቅ ቀፎ እንደ ለቀቀ የንብ መንጋ በየአቅጣጫው ይመላለሳሉ። አብዛኞቹ ያረጁና ወደ ቢጫና ቀይ ያደሉ ናቸው። በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ 150 ያህል የሚታወቁት ድቡልቡል የከዋክብት ክምችቶች በኤም87 ዙሪያ 12,000 ገደማ ይደርሳሉ። በቅርጹም ቢሆን ወደ ክብነት ስለሚያደላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእንቁላልነት እንኳ ብዙም አይበቃም።

ዋናው ልዩነት ያለው ግን ሙቀቱ ላይ ነው። በመካከሉ የፀሐይን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ የሚመዝን፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ምስሉ ለዓለም የታየው እሱ ነው። ከጉድጓዱ አካባቢ የሚፈናጠቀው ጨረር 5,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይረዝማል፤ ኃይሉም በዙሪያው ያለውን ጋዝ እያሞቀ ቀዝቅዞ ወደ አዲስ ኮከብነት እንዳይሰበሰብ ያግደዋል። የዶሮዋ ሙቀት ጫጩት ሲያወጣ፣ የኤም87 ሙቀት መፈልፈልን ይከለክላል ማለት ነው።

በዚያ ላይ እንዲህ ያሉት ግዙፍ ጋላክሲዎች የሚገነቡት በአብዛኛው በግጭትና በውህደት ነው፤ ክንድ የነበራቸው ጋላክሲዎች ተላትመው ክንዳቸውን ያጡና እንቁላል ወደ መምሰል ይመጣሉ። በተረቱ እንቁላሉ መነሻ፣ እግሩ መድረሻ ነው፤ በሰማይ ግን ክንዱ ቀድሞ እንቁላሉ ኋላ ይመጣል። ተናጋሪው ይህን ሁሉ ራሱ አስረድቶ ሲያበቃ ተረቱን መደምደሚያ ማድረጉ ነው ያስገረመኝ። የጎረቤት መዋጡን ትቶ ስለ ከዋክብቱ ብዛት ሲያወራ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ቢል ኖሮ እንኳ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።