ግንድ ይዞ የሚዞረው ዓባይ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ኪራይ ቤት ሲቀይር አልጋውን ተሸክሞ በደጃችን አለፈ። አንድ ጎረቤቴ አየት አደረገውና «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» አለ። የነበሩት ሳቁ። እኔን ግን ከነከነኝ።

ተረቱ ለተከራይ አልተነገረም።

ያደግሁት ደጀን አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ ግንድ የተሸከመ ሰው ከታየ ቤት ሊሠራ ነው ማለት ነው። ለምሰሶ የሚሆን ግንድ ለብቻ አይነሳም። ጠላ ይጠመቃል፣ ደቦ ይጠራል፣ ጎረምሶች እየተቀባበሉ ያመጡታል። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሽማግሌ «የት ልታቆሙት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ መርቆ ያልፋል። አንድ ክረምት ከአያቴ ጋር ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ውሃው ደፍርሶ ጭቃ መስሏል። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያገላበጠ ይነዳል። አያቴ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «ይኼን ሁሉ ምሰሶ የት ሊያቆመው ነው?» አሉ።

ተረቱን የፈጠረው ጎጃሜ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃዬ «ይዞራል» የምትለዋ ቃል ናት። ሌላው ወንዝ ይወርዳል፣ ይፈስሳል። ዓባይ ግን ጎጃምን ይዞራል። ሰከላ ላይ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይሄድና ጣና ይገባል። ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። ከዚያ ጎጃምን ከበጌምድር፣ ከወሎና ከሸዋ እያዋሰነ ይታጠፍና በደቡብ በኩል ከወለጋ ይለየዋል። የተወለደባትን ሰከላን በሩቁ ዞሯት ያልፋል እንጂ አይመለስባትም። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ሲሞላ ወዲያና ወዲህ ማዶ ያለ ዘመድ አይጠያየቅም። ስልቻ ነፍቶ በዋና የሚደፍር ካልሆነ፣ ሌላው እስኪጎድል ይጠብቃል።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም እያንዳንዳቸው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው። ከ10 ሰው 9ኙ ያህል የገጠር ነዋሪ ነበር። ይህ ሁሉ ገበሬ ወንዙ ሲዞረው እያየ ዝናብ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ገደሉ ጥልቅ ነውና ውሃው ደጋው ማሳ ላይ አይወጣም።

ተረቱ የሚነካው እንግዲህ ጉልበትም ሀብትም እያለው ለቤቱ አንድ ምሰሶ ያላቆመን ሰው ነው። በድሃ ላይ እንዴት ይተረታል? ያ ልጅ አልጋውን የተሸከመው የሚዘረጋበት ቤት ስላለው ነው። ሲመሽ ተኝቶበታል።