ውህድን ከፎርሙላው መሰየም ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲበረታ ቤት ዘግቶ ከሰል የሚያነድ ብዙ ነው። ከከሰሉ የሚወጡት ሁለት ጋዞች፣ ሲኦ እና ሲኦ2፣ በፎርሙላ የሚለያዩት በአንዲት የግርጌ ቁጥር ነው። ሁለተኛውን በየትንፋሻችን እናስወጣዋለን፤ የመጀመሪያው ሽታ የለውም፣ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይዞ ሰው ይገድላል። ስያሜ ማለት ይህን ልዩነት ሳያዛቡ በቃል መናገር ነው። (ፎርሙላዎቹን እዚህ የጻፍናቸው ክፍል ውስጥ እንደሚነበቡት ነው።)

መጀመሪያ የሚታየው ከፊት ያለው ንጥረ ነገር ብረት አስተኔ (ሜታል) መሆን አለመሆኑ ነው። ካርበን ብረት አስተኔ አይደለም፤ ስለዚህ አተሞቹ ከአንድ እስከ አምስት በሞኖ፣ ዳይ፣ ትራይ፣ ቴትራ፣ ፔንታ ይቆጠራሉ፦ ካርበን ሞኖክሳይድ፣ ካርበን ዳይኦክሳይድ። «ሞኖ» ከፊተኛው ንጥረ ነገር ላይ አይገባም።

ብረት አስተኔ ከፊት ከመጣ ቆጠራው ይቀራል። ሲኤሲኤል2 ካልሲየም ክሎራይድ ይባላል፤ የካልሲየም ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል) ሁልጊዜ +2፣ የክሎራይድ −1 ስለሆነ ክሎራይዱ ሁለት መሆኑ ሳይነገር ይታወቃል።

ተማሪን የሚጥለው አይረን (ብረት፣ ምልክቱ ኤፍኢ) ነው፤ ቻርጁ ይለዋወጣልና። ኤፍኢ2ኦ3ን አይቶ «አይረን ሁለት ኦክሳይድ» የሚል ብዙ ነው፤ ሁለቱን ያመጣው ከአይረን ግርጌ ነው። መነሻው ግን ኦክሲጅን መሆን አለበት። የአንዱ ኦክሳይድ ቻርጅ −2፣ የሦስቱ −6 ነው። ያንን የሚያመጣጥነው +6 ለሁለት አይረን ሲካፈል ለእያንዳንዱ +3 ይደርሳል። ስለዚህ አይረን ሦስት ኦክሳይድ ነው፤ ሦስቱ ደብተር ላይ በሮማውያን ቁጥር በቅንፍ ይጻፋል። አይረን ሁለት ኦክሳይድ ኤፍኢኦ ነው፦ ቀዩን ኤፍኢ2ኦ3 አልፎ ጥቁሩን ኤፍኢኦ መጥራት ይሆናል።

እንሳሮ፣ ለሚ ላይ ለሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ በዋናነት ሲኤሲኦ3 ነው። እዚህ ሲኦ3 ተበትኖ አይቆጠርም፤ አንድ አዮን (ቻርጅ ያለው የአተሞች ስብስብ) ነው፣ ካርቦኔት፤ ውህዱም ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። እንዲህ ያሉ አዮኖችን ከነቻርጃቸው በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም፦ ኤስኦ4 ሰልፌት፣ ኤስኦ3 ሰልፋይት፣ ኤንኦ3 ናይትሬት።

ጀሶ ደግሞ ውሃ አብሮት አለ። ድንጋዩ ለአንድ ካልሲየም ሰልፌት ሁለት ውሃ ስለያዘ ካልሲየም ሰልፌት ዳይሃይድሬት ይባላል፤ «ዳይ» የሚቆጥረው ውሃውን ብቻ ነው።

ገበሬው ዳፕ የሚለው ማዳበሪያ ግን ሊያሳስት ይችላል። «ዳይአሞኒየም ፎስፌት» የንግድ ስሙ ነው፤ ፎርሙላው ግን (ኤንኤች4)2ኤችፒኦ4 ስለሆነ (ኤንኤች4 አሞኒየም፣ ኤችፒኦ4 ሃይድሮጅን ፎስፌት ነው) ፈተና ላይ አሞኒየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ተብሎ ይጻፋል። ሃይድሮጅኑን የዘለለ ተማሪ ሦስት አሞኒየም ያለውን ሌላ ውህድ ሰየመ ማለት ነው።