ማጣሪያ የሌለው ካምቢዮ፦ የሮታቫተር ዘይትና አቀያየሩ

ሮታቫተር ከትራክተር ኋላ ተያይዞ አፈር የሚያደቅ መሣሪያ ነው። የበሬ ማረሻ መሬቱን ይሰነጥቃል፣ ዲስክ ይገለብጣል፣ ሮታቫተር ግን በሚሽከረከር ዘንግ ላይ በተደረደሩ ቢላዎች ጓሉን እየመታ ይሰባብረዋል። ገመሳው በዲስክ ካለቀ በኋላ አንዴ ወይም ሁለቴ ሲያልፍበት መሬቱ ለቲማቲምና ለሽንኩርት መደብ ይደርሳል። ሰዎች ስለዚህ መሣሪያ ሲያወሩ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ቢላው ነው። ቢላው ተበላ፣ ቢላው ተሰበረ፣ ቢላ ስንት ገባ። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ዘይቱ ነው። ቢላ ሲያልቅ ሁለት ቡሎን ተፈትቶ እዚያው ማሳ ላይ ይቀየራል፤ የካምቢዮው፣ ማለትም የጊሮቹ ቤት፣ ጥርስ ከተበላ ግን ማሽኑ ቆመ ማለት ነው፣ ያውም ዝናቡ ጥሎ፣ መሬቱ ለስልሶ፣ ሁሉም ሰው ትራክተር በሚፈልግበት ሰሞን።

መሣሪያው የተወለደው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ የሚባል ወጣት በ1912 እ.ኤ.አ. ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ጊልጋንድራ በተባለች ቦታ፣ በአባቱ እርሻ ላይ ሙከራ ጀመረ። ኃይሉን ያገኘው ከአባቱ የእንፋሎት ትራክተር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቢላዎች አፈሩን ወደ ጎን እየወረወሩ አስቸገሩት፤ በኋላ ቢላውን እንደ ላቲኑ ኤል ፊደል አጠፈውና ነገሩ ተስተካከለ። በ1920 የፈጠራ ባለቤትነቱን አስመዘገበ፣ በ1922 ኩባንያ አቋቋመ፣ በ1938 ደግሞ ወደ እንግሊዝ ሄዶ እዚያ ማምረት ጀመረ። ዛሬም አብዛኛው ሮታቫተር የሚሠራው በዚያው በታጠፈ ቢላ ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ትራክተሩ ኃይሉን የሚሰጠው ከኋላ በሚወጣው ዘንግ፣ ሹፌሮች ፒቲኦ በሚሉት በኩል ነው። የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር ነው። ከዚያ ካርዳኑ፣ ማለትም ትራክተሩንና ሮታቫተሩን የሚያገናኘው ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ኃይሉን ተቀብሎ ሮታቫተሩ አናት ላይ ወዳለው ካምቢዮ ያደርሳል። እዚያ ውስጥ አንድ ትንሽ ሾጣጣ ጊርና አንድ ትልቅ ጊር ተናክሰው ይገኛሉ። ሥራቸው ሁለት ነው፦ ዙሩን መቀነስ፣ አቅጣጫውን ደግሞ በ90 ዲግሪ ወደ ጎን ማዞር። ወደ ጎን የዞረው ኃይል በቱቦ ውስጥ በሚያልፍ ዘንግ እስከ ማሽኑ ጫፍ ይሄድና እዚያ ሌላ ቤት ውስጥ ይገባል። ይህኛው ቤት ቁመቱ ረጅም፣ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ውስጡ ተከታትለው የተያያዙ ጊሮች ወይም ወፍራም ካቴና አለ፤ ኃይሉን ከላይ ወደ ታች አውርዶ ቢላ ለተሸከመው ዘንግ የሚያስረክበው እሱ ነው። በአንዳንድ ሞዴል የላይኛው ካምቢዮ የኋላ ክዳን ተከፍቶ ሁለት ጊሮች ቦታ ሲለዋወጡ የቢላው ፍጥነት ይቀየራል።

እንግዲህ ዘይት ያለበት ቤት ሁለት ነው። ይህን በደንብ ያዙት። የላይኛው ፊት ለፊት ስለሚታይ ሰው ያስታውሰዋል። የጎኑ ግን ጭቃ ተለጥፎበት ስለሚውል ብዙ ጊዜ የማሽኑ አካል ብቻ ይመስላል፤ ዘይት እንዳለው ሳያውቁ ዓመታት የሠሩበት ሰዎች አሉ። ጭነቱ የሚበዛው ደግሞ እሱ ላይ ነው። ቢላው ድንጋይ ሲመታ፣ የዛፍ ሥር ሲይዘው፣ ደረቅ ጓል ላይ ሲዘል፣ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው ይኸው የጎን ቤት ነው።

ከሞተር ጋር ያለውን ልዩነትም እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ሞተር ዘይቱን የሚገፋለት ፓምፕ አለው፣ የሚያጠራለት ማጣሪያ አለው። ሮታቫተር ሁለቱም የለውም። የታችኛው ጊር ዘይት ውስጥ እየጠለቀ ወደ ላይ ይረጫል፣ በዚያው ይቀባባሉ፣ አለቀ። ከጥርሶቹ የረገፈ የብረት ብናኝ የሚሄድበት የለውም። እዚያው ከዘይቱ ጋር እየዞረ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩበትን ኩሽኔታና ጥርሱን እንደ አሸዋ ይሞርዳል። ብናኙን ከቤቱ ማስወጫው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዘይቱን ማፍሰስ።

አዲስ ማሽን ላይ የመጀመሪያው ቅያሬ ቶሎ የሚደረገውም ለዚህ ነው። አዲስ ጥርሶች እስኪግባቡ ድረስ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ በዚያ ጊዜ የሚረግፈው ብረት ከሌላው ጊዜ ይበዛል። ብዙ የፋብሪካ መመሪያዎች የመጀመሪያውን ዘይት በ50 ሰዓት ሥራ ግድም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በየ500 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ እንዲቀየር ያዝዛሉ። የራሳችሁ ማሽን መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ለራሱ ማሳ ብቻ የሚያርስ ሰው 500 ሰዓት በዓመትም ላይሞላው ይችላል። እያከራየ በቀን 8 ሰዓት የሚያሠራ ግን በሁለት ወር ግድም ይደርስበታል። ሮታቫተር ሰዓት ቆጣሪ የለውም፣ ትራክተሩ ነው ያለው። ስለዚህ ዘይት በተቀየረ ቀን የትራክተሩን ሰዓት በቀለም ሮታቫተሩ ጀርባ ላይ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው። ሹፌር ሲቀያየር ደብተር ይጠፋል፣ ቀለሙ ግን አይጠፋም።

የትኛው ዘይት? የካምቢዮ ዘይት ነው፣ የሞተር ዘይት አይደለም። አብዛኛው አምራች 90 ቁጥር፣ 80ደብሊው-90 ወይም ወፈር ያለውን 85ደብሊው-140 ይጠይቃል። ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ። የካምቢዮ ዘይትና የሞተር ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው፤ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም። ትልቁ ልዩነት ውፍረቱ ላይ ሳይሆን ውስጡ በተጨመረው ነገር ላይ ነው። ሾጣጣ ጊሮች ሲነካከሱ ይገፋፋሉ ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ በዚያ ጫና ተራ ዘይት ተጨምቆ ይወጣና ብረት ብረትን ይነካል። የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ያለው የሰልፈርና የፎስፎረስ ውህድ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይህን ይከላከላል። ጣሳው ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታም የሰልፈሩ ነው።

ጣሳው ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ጂኤል-5 ለከባድ ጫና የተሠራ ነው፣ ተጨማሪው በዛ ይላል። ነሐስ ወይም ናስ ያለበት ካምቢዮ ላይ ግን አንዳንዱ ጂኤል-5 ነሐሱን ወይም ናሱን ሊበላ ስለሚችል መመሪያው ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-4 ነው። የጎን ቤታቸው በካቴና የሚሠራ አንዳንድ ማሽኖች ደግሞ በዘይት ፋንታ እንደ አጥሚት የሚፈስ ቀጭን ግራሶ ይጠቀማሉ። እዚያ ውስጥ ወፍራሙን የኩሽኔታ ግራሶ መጠቅጠቅ ትልቅ ስህተት ነው፤ ካቴናው አንዴ መንገድ ይቀድበትና ከዚያ በኋላ በደረቁ ይሮጣል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ የሞቀ ማሽን ይመረጣል፣ ምክንያቱም የሞቀ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ብናኙንም ይዞት ይወጣል። ማሽኑን ደልዳላ መሬት ላይ አምጡ። ፒቲኦው ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀልና ኪስ ይግባ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። ሮታቫተሩን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ከሥሩ ጠንካራ የእንጨት ጉማጅ ወይም የብረት ድጋፍ ሳይገባ ማንም እጁን እንዳይከት። እለምናችኋለሁ፣ በሃይድሮሊክ ብቻ ተንጠልጥሎ የቆመ ሮታቫተር ሥር አትግቡ። ሃይድሮሊክ ቱቦ ሲቀደድ ወይም አንድ ልጅ ማንሻውን ሲነካ ብዙ መቶ ኪሎ ብረት፣ ያውም ቢላ የተደረደረበት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል።

ከዚያ መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው መሙያ ነው። የታችኛውን ቀድሞ አፍስሶ የላይኛው ዝጎ አልፈታ ካለ ማሽኑ ባዶውን ቀረ ማለት ነውና። ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽና ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቀዳዳው አፍ ላይ የነበረ አሸዋ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ከተቀላቀለ የተለፋው ለከንቱ ነው። መያዣ ከሥር ይቀመጥና የማፍሰሻው ቡሎን ይፈታል። ቡሎኑ ማግኔት ካለው የተያዘውን ብናኝ እዩት፣ ከዚያ ጠርጉት። አንዳንድ ትንንሽ ማሽኖች የላይኛው ካምቢዮ ማፍሰሻ የላቸውም። እነሱን ወይ አዘንብሎ ማፍሰስ ወይ በመምጠጫ ማውጣት ነው። የጎኑን ቤትም እንዲሁ አድርጉ። እስከ መጨረሻው ጠብታ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቆሻሻው የሚወጣው ከመጨረሻው ጋር ነው።

የወጣው ዘይት ብዙ ይናገራል፣ ዝም ብላችሁ አትድፉት። ጠቆር ብሎ ንጹሕ ከሆነ ጤነኛ ነው። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። እንደ ብር ዱቄት የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር በመጠኑ ያለ ነው፣ በአዲስ ማሽን ላይማ አይቀርም። በጣት የሚያዝ ስንጥር ብረት ከተገኘ ግን ጥርስ ተሰብሯል ወይም ኩሽኔታ እየፈረሰ ነው፤ አዲስ ዘይት ጨምሮ ወደ ማሳ መሄድ ሳይሆን ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው የሚሻለው። ጠቁሮ የማረረ ሽታ ያለው ዘይት ደግሞ አንሶ የሠራ ነው።

ለመሙላት የሃይላንድ ላስቲክ አንገቱ ተቆርጦና ታጥቦ ቢደፋ በቂ ነው። መጠኑ በማሽኑ ስፋት ይለያያል፣ ልኩን የሚነግራችሁ ጎኑ ላይ ያለው የመለኪያ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ተከፍቶ፣ ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ሳያዘነብል ቆሞ፣ ዘይቱ በቀዳዳው ጠርዝ መንጠባጠብ ሲጀምር ደረሰ። የካምቢዮ ዘይት ዝግ ብሎ ነው የሚወርደው፣ በተለይ በጠዋት ብርድ። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። «ትንሽ ልጨምርበት፣ ምን ይጎዳል» የሚለው ሐሳብ ይጎዳል። ከልክ በላይ የሞላ ዘይት በጊሩ ይመታና አረፋ ይደፍቃል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ደካማ መውጫ ፈልጎ በፓራኦሊዮው፣ ዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳያፈስ በሚያሽገው ቀለበት፣ ይወጣል።

ስለ ፓራኦሊዮ ከተነሳ፣ መተንፈሻዋን ልጥቀስ። አብዛኛው ካምቢዮ አናቱ ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቡሎን አለችው። ውስጡ ሲሞቅ አየሩ ይሰፋል፣ በእሷ ይወጣል። ጭቃ ከደፈናት አየሩ ዘይቱን ይገፋውና ፓራኦሊዮው ያፈሳል። ባለቤቱ አዲስ ፓራኦሊዮ ይገዛል፣ ያስገጥማል፣ በሳምንቱ እንደገና ያፈሳል፣ መካኒኩን ይራገማል። ጥፋቱ የመተንፈሻዋ ነው፤ በናፍጣ ታጥባ በቀጭን ሽቦ ብትከፈት ያበቃለት ነበር። ጠፍታ ቀዳዳው በጨርቅ ሲወተፍም ዝናብና የመታጠቢያ ውኃ በዚያ ይገባል። ያ ወተት የመሰለ ዘይት ብዙ ጊዜ መነሻው እዚህ ነው።

ሌላው የፓራኦሊዮ ጠላት ሲባጎ ነው። የጆንያ ክር፣ ፌስታል፣ የአጥር ሽቦ፣ ረጅም ሣር፣ ሁሉም ቢላ በተሸከመው ዘንግ ጫፍ ላይ ይጠመጠማል። እየጠበቀ ሄዶ ማሸጊያውን ይቆርጣል። ከዚያ ዘይቱ ወደ አፈር ይንጠባጠባል፣ አፈሩም ወደ ዘይቱ ይገባል። ከማሳ ሲወጣ ሞተር አጥፍቶ ዘንጉን በቢላዋ ማጽዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካርዳኑ ላይ ያሉት ክሮቼራዎች፣ ማለትም የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መጋጠሚያዎች፣ የዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ በየ8 ሰዓቱ ሥራ፣ ማለትም በየቀኑ፣ ግራሶ ይፈልጋሉ። ካርዳኑ ላይ ያለችው ለስለስ ያለች መቆረጫ ቡሎን ስትበጠስ ደግሞ በጠንካራ ቡሎን አትተኩ። እሷ የተሠራችው ድንጋይ ሲመታ ቀድማ እንድትቆረጥ ነው። እሷ ካልተቆረጠች የሚሰበረው የካምቢዮው ጥርስ ነው፣ ያኔ ዘይት ምንም አያደርግለትም።

የወጣውን የተቃጠለ ዘይት ብዙ ሰው ለአጥር እንጨት ይቀባዋል፣ ምስጥ እንዳይበላው። ቦይ አጠገብ ወይም ጉድጓድ ዳር ማፍሰስ ግን አይገባም፣ ያንን ውኃ ከብትም ሰውም ይጠጣዋል። ክዳን ባለው ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሞ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት ይሻላል።

ቡሎኖቹ ሁሉ ከጠበቁ በኋላ ማሽኑ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ፣ በዝግታ ለጥቂት ደቂቃ ይሽከርከር። አጥፍታችሁ ቡሎኖቹን በደረቅ ጨርቅ ዳስሱ። ሲረጋጋ ማሽኑን ወደ ቦታው አውርዱና ልኩን አንዴ እዩ፤ ዘይቱ በቱቦውና በኩሽኔታዎቹ መሃል ስለሚሰራጭ ትንሽ ጎድሎ ይገኛል። ያንን ሞልታችሁ፣ የትራክተሩን ሰዓት በቀለም ጽፋችሁ፣ ወደ ማሳ።